የማትሪክስ ፕሮቲን ሲጎድል ወይም ሲበላሽ የአይጥ ግሮውዝ ፕሌት ምን ይሆናል? ከእግሩ እስከ ማይክሮስኮፑ ደረጃ በደረጃ

ረጅም አጥንት የሚረዝመው ከመሃሉ አይደለም። ጫፉ አካባቢ ካለ ቀጭን የካርቲሌጅ ንጣፍ ነው። ላብ ውስጥ ይህን ንጣፍ ሁሉም ሰው ግሮውዝ ፕሌት ነው የሚለው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። መመሪያው የተጻፈው አንድ የማትሪክስ (በሴሎች መካከል ያለው መሙያ) ፕሮቲን ጂኑ የተነካ አይጥ እጁ ለገባ ተማሪ ወይም የላብ ሠራተኛ ነው። «አጥንቱ አጥሯል፣ ለምን?» ለሚል ሰው ማለት ነው።

መጀመሪያ ጤነኛው ምን እንደሚመስል እንወቅ። ከመገጣጠሚያው በኩል ተነስተን ወደ አጥንቱ መሃል ስንወርድ ቀድሞ የሚመጣው ተጠባባቂው ክፍል ነው፤ ትንንሽ ክብ ሴሎች እዚህም እዚያም ተበትነው ይታያሉ። ቀጥሎ የሚባዙ ሴሎች ክፍል አለ። እዚህ ሴሎቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ መሶብ ላይ እንደተነባበረ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ዓምድ ይሠራሉ። ከዚያ መባዛቱን ያቆሙና ይገዝፋሉ። የአንዱ ሴል መጠን 10 እጥፍ ገደማ ሊያድግ ይችላል። አጥንት የሚረዝመው በአብዛኛው በዚህ መግዘፍ ነው። በመጨረሻ በገዘፉት ሴሎች መካከል ያለው ማትሪክስ ካልሲየም ይይዛል፣ የደም ሥር ይገባበታል፣ አጥንት ይተካዋል።

ሴሎቹን በየቦታቸው የያዛቸው ማትሪክሱ ነው። ዋናው መረብ ኮላጅን 2 ነው፤ ኮላጅን 9 እና 11 አብረውት ተሸምነው የክሩን ውፍረት ይወስናሉ። በመረቡ ውስጥ አግሪካን የተባለ ትልቅ ፕሮቲን አለ። አንዱ የአግሪካን ሞለኪውል ወደ 100 የሚጠጉ የኮንድሮይቲን ሰልፌት ሰንሰለቶች ተሸክሞ ውኃ ይስባል። ሊንክ ፕሮቲን ደግሞ አግሪካኑን ሃያሉሮናን ከተባለው ረጅም የስኳር ሰንሰለት ጋር ያስረዋል። ኮምፕ እና ማትሪሊን የተባሉት ፕሮቲኖች ክፍሎቹን ያያይዛሉ፣ ፐርሌካን ሴሉን ይከብባል፣ ኮላጅን 10 የሚገኘው በገዘፉት ሴሎች ዙሪያ ብቻ ነው።

ዓምዱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ በኋላ በጣም ይጠቅማችኋል። ሴሉ የሚከፈለው ወደ ጎን ነው። የተከፈሉት ሁለቱ ከዚያ በኋላ አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራተው ይደራረባሉ። ለመንሸራተት የሚጨብጡት ነገር ይፈልጋሉ፤ የሚጨብጡትም ኢንቴግሪን በተባለው የሴል ገጽ ፕሮቲን አማካይነት ማትሪክሱን ነው። በ2003 ቤታ 1 ኢንቴግሪን ከካርቲሌጅ ሴሎች ላይ ሲጠፋ ሴሎቹ ክብ ሆኑ፣ ዓምዱ ፈረሰ፣ ሁለት ኒውክለስ ይዘው የቀሩ ሴሎችም ታዩ። ማትሪክሱ ራሱ ምንም ጂን አልተነካበትም ነበር። ስለዚህ የተዘበራረቀ ዓምድ ስታዩ «ፕሮቲኑ ጠፍቷል ማለት ነው» ብላችሁ አትሩጡ።

ደረጃ 1፦ አይጡን ከመንካታችሁ በፊት ጥያቄውን ለዩ

ፕሮቲኑ የለም? ወይስ ተበላሽቶ አለ? ቀሪው ሥራ ሁሉ በዚህ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጂኑ ሙሉ በሙሉ የጠፋበት አይጥ ላይ የምትፈልጉት የማትሪክስ ጉድለት ነው። አንድ አሚኖ አሲድ የተቀየረበት አይጥ ላይ ግን ማትሪክሱን ብቻ ሳይሆን ሴሉን ውስጡንም ማየት ግድ ነው።

ዕድሜውንም አሁኑኑ ወስኑ። ሲወለዱ የሚሞቱ ከሆነ 18.5 ቀን የሞላው ፅንስ ወይም በተወለዱበት ዕለት። በሕይወት የሚቆዩ ከሆነ 3 ሳምንት ጥሩ ነው፤ እድገቱ ገና ፈጣን ነው፣ ዓምዶቹም ረጃጅም ናቸው። ከዚያ 6 ሳምንት ጨምሩበት። አንዳንድ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ሲወለዱ አይታይም፣ እያደር ነው የሚወጣው። ለአቅመ መራባት ከደረሱ በኋላ ንጣፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ የአይጥ ግሮውዝ ፕሌት እንደ ሰው ሙሉ በሙሉ ባይዘጋም ለዚህ ሥራ ብዙ አይረዳም።

የማነጻጸሪያው አይጥ በአንድ ወሊድ የተወለደ ይሁን፣ ፆታውም አንድ ይሁን። ከሌላ ጎጆ የመጣ ጤነኛ አይጥ አይሆንም። የእናት ወተትና የወሊዱ ብዛት ብቻውን የአጥንት ርዝመት ይለውጣል። የእንስሳት አጠቃቀም ፈቃዱም ከዚህ በፊት እጃችሁ መግባት አለበት፣ ይህን ማስታወስ የለብኝም ብዬ እገምታለሁ።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ሙሉ አጽሙን እዩ

ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ማይክሮቶሙ፣ ማለትም ወደ ቲሹ መቁረጫው መሣሪያ፣ ይሮጣል። አትሩጡ። ሲወለዱ የተወሰዱትን ጥቂቶቹን ቆዳና ሆድዕቃቸውን አውጥታችሁ በ95% ኢታኖል፣ ቀጥሎ በአሴቶን አቆዩ። ከዚያ አልሺያን ብሉ፤ ካርቲሌጁን ሰማያዊ ያደርገዋል። ቀጥሎ አሊዛሪን ሬድ በ1% ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ፤ አጥንቱን ቀይ ያደርገዋል። ሥጋው ሲጠራ ወደ ግሊሰሪን አዛውሩት። አንድ ማሳሰቢያ፦ የአልሺያን ብሉው መንከሪያ አሴቲክ አሲድ ስላለበት ብዙ ከቆየ ካልሲየሙን ይበላዋል፤ ከዚያ ቀዩ ቀለም ይደበዝዝና የሌለ በሽታ ያሳያችኋል።

ይህን የምታደርጉት ችግሩ ሁሉም አጥንት ላይ መሆኑን ለማየት ነው። በካርቲሌጅ በኩል የሚያልፈው አጥንት ብቻ አጥሮ የራስ ቅሉ ጣሪያ ደህና ከሆነ፣ ችግሩ ካርቲሌጁ ላይ ነው። በ1995 ኮላጅን 2 የጠፋባቸው አይጦች ያሳዩት ይህንኑ ነበር፦ ግሮውዝ ፕሌትም ሆነ በካርቲሌጅ በኩል የሚሠራ አጥንት የለም፤ ያለ ካርቲሌጅ በቀጥታ የሚሠሩት አጥንቶች ግን አሉ።

ደረጃ 3፦ እግሩን አውጥታችሁ አቆዩት

ቆዳውን ግፈፉ፣ ጡንቻውን በጥንቃቄ ቀንሱ፣ ጉልበቱን ግን አትለያዩት። የጭን አጥንቱና የቅልጥም አጥንቱ እንደተያያዙ ይቆዩ። ጉልበቱ የሚታጠፍበትን ማዕዘን ለሁሉም አይጥ አንድ አድርጉት፤ ኋላ ቆረጣው ላይ ታመሰግኑኛላችሁ።

ለተራ ማቅለሚያ 4% ፓራፎርማልዲሃይድ ወይም 10% ገለልተኛ ፎርማሊን በቂ ነው፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት። አንቲቦዲ ለመጠቀም ካሰባችሁ ሁለተኛውን እግር በቀዝቃዛ 95% ኢታኖልና 5% አሴቲክ አሲድ ድብልቅ አቆዩት። ብዙ የማትሪክስ አንቲቦዲዎች በዚህ የተሻለ ይሠራሉ። አንድ አይጥ ሁለት የኋላ እግር አለው፤ ሁለቱንም በአንድ መንገድ ማባከን ምን ይሉታል?

እንደ አግሪካን ያሉ ፕሮቲዮግላይካኖች በውኃማ ፈሳሽ ውስጥ ቀስ እያሉ ይወጣሉ። ዋና ጥያቄያችሁ አግሪካን ከሆነ ማቆያው ላይ ሲቲልፒሪዲኒየም ክሎራይድ ጨምሩ። ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ሩተኒየም ሄክሳሚን ትራይክሎራይድ የሚጠቀሙት ሴሉ ከማትሪክሱ ተላቆ እንዳይኮማተር ነው። በተራ ፓራፊን ስላይድ ላይ ሴሉ ዙሪያ የምታዩት ነጭ ክፍተት በአብዛኛው ይህ መኮማተር ነው፣ ሚውቴሽኑ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ካልሲየሙን አውጡ

ኢዲቲኤ ተጠቀሙ። ከ10 እስከ 14%፣ ፒኤች 7.4 አካባቢ። ዱቄቱ አልሟሟ ቢላችሁ አትደንግጡ፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እየጨመራችሁ ፒኤቹ ወደ 8 ሲጠጋ ነው የሚሟሟው። ፈሳሹ ከቲሹው 20 እጥፍ ይብለጥ፣ በየ2 ወይም 3 ቀኑ ይቀየር፣ ቀስ ብሎ ይነቃነቅ። የ3 ሳምንት አይጥ እግር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። የትልቅ አይጥ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በተወለዱበት ዕለት የተወሰዱት ይህ ደረጃ ብዙም አያስፈልጋቸውም።

ፎርሚክ አሲድ ፈጣን ነው፣ ይማርካል። ግን የሳፍራኒን ቀለሙን ያደበዝዛል፣ አንቲቦዲና አርኤንኤ ላይም ይጨክናል። ማለቁን ለማረጋገጥ መርፌ አትውጉት፤ ቀዳዳው ስላይዱ ላይ ይታያል። ቀስ ብላችሁ አጠፍ አድርጉት፣ ወይም ራጅ አንሱት።

ደረጃ 5፦ አቅጣጫውን አትሳቱ

እኔ ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ሙጭጭ እላለሁ። የግሮውዝ ፕሌት ሥራ የሚበላሸው በአብዛኛው ፓራፊን ውስጥ ሲቀመጥ ነው። ንጣፉ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ይታጠፋል። ቢላው ዓምዶቹን በሰያፍ ከቆረጣቸው ጤነኛው አይጥ በሽተኛ ይመስላል፦ ዓምዱ ያጥራል፣ ጠፍጣፋው ሴል ክብ ይሆናል፣ የገዘፉት ክፍል ደግሞ ሳይወፍር ይወፍራል።

ከፊት ወደ ኋላ ወይም ከጎን ወደ ጎን፣ አንዱን ምረጡና በጠቅላላ ሥራው ያንኑ ያዙ። የቅልጥም አጥንቱን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ለሁሉም ብሎክ በአንድ መልክ አስቀምጡ። ከ5 እስከ 6 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ቁረጡ። ወደ መሃሉ ስትጠጉ አንድ ስላይድ በቶሉዲን ብሉ ነክራችሁ ፈጥናችሁ እዩ። ከተጠባባቂው ክፍል ተነስታችሁ አንድ ዓምድ ሳይቋረጥ እስከ አጥንቱ መከተል ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ካልቻላችሁ ብሎኩን ትንሽ አዘንብሉና ድገሙት። ቢያንስ ለመለካት የምትጠቀሙባቸው ስላይዶች ሁሉ ይህን ፈተና ይለፉ።

ደረጃ 6፦ ቀለሙ

ሳፍራኒን ኦ እና ፋስት ግሪን የመጀመሪያ ምርጫ ናቸው። ቫይገርት ሄማቶክሲሊን፣ እጠቡ፣ ፋስት ግሪን፣ በ1% አሴቲክ አሲድ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ብቻ፣ ከዚያ 0.1% ሳፍራኒን ኦ። ፋስት ግሪኑ ከበዛ ሳፍራኒኑን ቦታ ይነፍገዋል። ቀዩ ቀለም ከአግሪካን ሰንሰለቶች ጋር ስለሚያያዝ፣ ሲደበዝዝ አግሪካን ቀንሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጤነኛውና በሽተኛው በአንድ ስላይድ ላይ ጎን ለጎን ካልተነከሩ በቀለም ድምቀት ላይ ምንም አትጻፉ።

የኮላጅን ክሮችን አቀማመጥ ለማየት ፒክሮሲሪየስ ሬድ በፖላራይዝድ ብርሃን። ካልሲየም የያዘውን ማትሪክስ ለማየት ፎን ኮሳ፤ ይህ ግን ካልሲየሙ ባልወጣ ቲሹ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ይህን ካላሰባችሁ ባዶ ስላይድ ላይ ትቀመጣላችሁ።

ደረጃ 7፦ ፕሮቲኑ የት ነው ያለው?

የማትሪክስ አንቲቦዲ ብዙ ጊዜ ዒላማው ጋ አይደርስም፤ ሰንሰለቶቹ ይጋርዱታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰንሰለቶቹን የሚቆርጥ ኢንዛይም፣ ኮንድሮይቲኔዝ ኤቢሲ ወይም ሃያሉሮኒዴዝ፣ በ37 ዲግሪ ይቅደም። በሲትሬት አታፍሉት፤ ካርቲሌጅና አጥንት ከስላይዱ ይላቀቃል።

ያለ መጀመሪያ አንቲቦዲ የተሠራ ስላይድ አንድ ማረጋገጫ ነው። የተሻለው ማረጋገጫ ግን ጂኑ የጠፋበት አይጥ ቲሹ ነው፤ ካገኛችሁ አትለፉት።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ጠይቁ፦ ቀለሙ በሴሎቹ መካከል ነው ወይስ በሴሉ ውስጥ? በጤነኛው ኮላጅን 10 በገዘፉት ሴሎች ዙሪያ ተሰራጭቶ ይታያል። ሚውቴሽን ያለበት ፕሮቲን በሴሉ ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ከተገኘ፣ ፕሮቲን ታጥፎ ቅርጹን የሚይዝበት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ቢፕ የተባለው የጭንቀት ጠቋሚ ፕሮቲን ከፍ ማለቱን እዩ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካለ፣ ሬቲኩለሙ ተነፍቶ ሰፍቶ ይታያል።

ደረጃ 8፦ ለኩ

ስላይዱ ላይ ያለውን የአይጥ ማንነት የማያውቅ ሰው ይለካ። ከንጣፉ መሃል አንድ ሦስተኛውን ብቻ ውሰዱ፤ ዳርና ዳሩ ይታጠፋል። ፊጂ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ከአጥንቱ ርዝመት ጋር ትይዩ የሆኑ በርካታ መስመሮችን አስምሩና የየክፍሉን ቁመት መዝግቡ።

የክፍሎቹን ድንበር በዓይን ግምት አትተዉት። የሚባዙት የት ያበቃሉ? የገዘፉት የት ይጀምራሉ? የሴል ቁመትን መሠረት ያደረገ ደንብ ጻፉ፣ ወይም የኮላጅን 10 ቀለም የሚጀምርበትን ተጠቀሙ። ሚውታንቱ ላይ ድንበሩ ሲደበዝዝ ደንብ የሌለው ሰው ሳያውቅ ወደሚፈልገው መልስ ያዘነብላል።

ከቁመቱ ጋር የሴሎቹን ቁጥር በየዓምዱ፣ የዓምዱን ማዘንበል ከአጥንቱ ዘንግ አንጻር፣ የመጨረሻውን የገዘፈ ሴል ቁመትም ለኩ። መባዛቱን ለማወቅ ከመወሰዳቸው 2 ሰዓት በፊት ኢዱ (EdU) ወይም ብርዱ (BrdU) ውጉ፤ ሁለቱም በሚባዛ ሴል ዲኤንኤ ውስጥ የሚገቡ ምልክቶች ናቸው፤ ከሚባዙት ሴሎች ስንት በመቶው እንደያዘ ቁጠሩ። ሴል መሞቱን ተነል (TUNEL) በተባለው ማቅለሚያ እዩ። የእድገቱን ፍጥነት በቀጥታ ለማወቅ ካልሲን (calcein) የተባለውን የሚያበራ ቀለም ውጉና መስመሩ ከግሮውዝ ፕሌቱ ምን ያህል እንደራቀ እዩ። ካልሲን ከካልሲየም ጋር ስለሚያያዝ ኢዲቲኤ ውስጥ የገባ እግር ላይ አታገኙትም፤ ለዚህ ሌላ እግር አስቀምጡ።

ስታቲስቲክሱ ላይ ቁጥሩ አይጡ ነው፣ ስላይዱ አይደለም። ከ3 አይጥ 60 ስላይድ ቆርጣችሁ «60 ናሙና» ማለት አይቻልም።

ደረጃ 9፦ ያያችሁትን አንብቡ

እዚህ ላይ የማያወላዳ አቋም አለኝ። ከክፍሎቹ ቁመት በፊት ሁለት ነገር እዩ፦ በሴሎቹ መካከል ያለው ማትሪክስ መጠንና ፕሮቲኑ ያለበት ቦታ። ቁመት ብዙ ምክንያት አለው።

ሴሎቹ ተጨናንቀው መካከላቸው ማትሪክስ ከሌለ፣ አግሪካንን ወይም ሊንክ ፕሮቲንን አስቡ። ሲኤምዲ የተባሉት አይጦች ለዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው። በ1994 እንደታወቀው አግሪካን ጂናቸው ላይ 7 ቤዝ ጎድሏል። ሁለቱም ቅጂ የተበላሸባቸው እንደተወለዱ መተንፈስ አቅቷቸው ይሞታሉ። አንዱ ብቻ የተበላሸባቸው ትንሽ አጠር ይላሉ፣ ሲያረጁ ጀርባቸው ይጣመማል። ማትሪክሱ ኖሮ ክሮቹ ከወፈሩና ዓምዱ ከፈረሰ ኮላጅን 11 ይጠረጠራል፤ ቾ የተባሉት አይጦች ኮል11ኤ1 ጂናቸው እንደዚህ ነው። የንጣፉ መሃል ላይ ሴል የጎደለበት ቦታ ካለ ኮላጅን 9ን እዩ። ካርቲሌጁ ያለቦታው ካልሲየም ከያዘ ማትሪክስ ግላ ፕሮቲንን አስቡ፤ እሱ የጠፋባቸው አይጦች የደም ሥራቸውም ይደነድናል፣ በ2 ወር ውስጥ ይሞታሉ።

ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ የገዘፉት ክፍል ብቻ ከረዘመ፣ ሴሎቹ በዝተዋል ብላችሁ አትቸኩሉ። የሚያጸዳው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ማትሪክስ የሚቆርጡት ኤምኤምፒ 9 ወይም ኤምኤምፒ 13 ሲጠፉ ክፍሉ ይረዝማል፣ ሴሎቹ ግን ባህሪያቸው ጤነኛ ነው። ኢዱው ካልተቀየረ ወደዚህ አዘንብሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያስገርመው ነገር። ኮምፕ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ አይጡ ጤነኛ ነው። ማትሪሊን 3 ሲጠፋም እድገቱ ደህና ነው። ኮላጅን 10 በ1994 ሲጠፋ ምንም አልታየም ተባለ፤ በ1997 ሌላ ቡድን ስውር ለውጥ አገኘ። ሆኖም እነዚሁ ጂኖች ሰው ላይ ሲበላሹ አጭር ቁመት ያመጣሉ። እንዴት?

መልሱ ከሴሉ ውስጥ ነው የመጣው። ማትሪሊን 3 ላይ ቫሊን የተባለው አንዱ አሚኖ አሲድ በሌላ፣ በአስፓርቲክ አሲድ፣ ሲተካ፣ አይጦቹ ሲወለዱ ደህና ናቸው፣ እያደር ግን እግራቸው ያጥራል። ፕሮቲኑ ሬቲኩለሙ ውስጥ ይከማቻል፣ ሴሎቹ መባዛት ይቀንሳሉ፣ መሞት በማይገባቸው ቦታ ይሞታሉ። በ2009 ደግሞ ተመራማሪዎች ከካርቲሌጅ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን የተበላሸ ታይሮግሎቡሊን የገዘፉት ሴሎች ውስጥ እንዲመረት አደረጉ። ማትሪክሱ አልተነካም። ሆኖም የገዘፉት ክፍል ረዘመ፣ ኮላጅን 10 ሲበላሽ የሚመጣውን የሽሚድ በሽታ መሰለ።

ስለዚህ ሚውቴሽን ያለበት አይጥ ይዛችሁ የተዘበራረቀ ዓምድ ካያችሁ፣ ከመጻፋችሁ በፊት የደረጃ 7ን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ፕሮቲኑ ወጥቷል፣ ቢፕ አልጨመረም፣ ማትሪክሱ ግን ሳስቷል? ችግሩ ውጭ ነው። ፕሮቲኑ ውስጥ ቀርቷል፣ ቢፕ ጨምሯል? ሴሉ ታሟል፤ ያ ፕሮቲን ለማትሪክሱ ያስፈልግ ነበር ማለት ግን አይደለም። ሁለቱም አንድ ላይ ከሆኑ፣ እንደ ኮላጅን 2 ሚውቴሽኖች ብዙ ጊዜ ሁለቱም ናቸው፣ ጂኑ ጭራሽ የሌለበትን አይጥ አብራችሁ ለኩ። ኖክአውቱ የሚያሳየው መጉደሉን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ልዩነት ከተበላሸው ፕሮቲን የመጣ ነው።

ብሎኩን ቆርጣችሁ አትጨርሱት። ከየአይጡ ጥቂት ያልተነከሩ ስላይዶች በ4 ዲግሪ አስቀምጡ፣ ላያቸው ላይ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆረጣ አቅጣጫና የማቆያውን ዓይነት በእርሳስ ጻፉ። በብዕር የተጻፈውን ዛይሊን ያጥበዋል።